ጨጓራ ነው ወይስ ኩርፊያ? ራስን ማወቅና የንግግር ሕክምና ለጤናም ለትዳርም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ "ዶክተር፣ መድኃኒት ወስጄ ወስጄ አልሻለኝ አለ፤ ምርመራው ደግሞ ምንም አያሳይም" የሚሉ ናቸው። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በአንድ ታሪክ ልጀምር። የታካሚ ምስጢር ስለሆነ የተለያዩ ሰዎችን ታሪክ አቀላቅዬ፣ ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው።

በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች እናት ናት። ትንሽ ሱቅ አላት። ካርዷ ወፍራም ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለጨጓራ ባክቴሪያ ሁለት ጊዜ ታክማለች፤ "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ተብላ መርፌ ተወግታለች፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ በኢንዶስኮፒ ታይታ "ምንም የለብሽም" ተብላለች። አሁንም ግን ሆዷን ያቃጥላታል፣ ራሷን በገመድ እንደታሰረ ሰው ጥብቅ አድርጎ ይይዛታል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ እስኪነጋ ጣራ ታያለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቤት እንዴት ነው?" አልኳት።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ "ከባለቤቴ ጋር ከተነጋገርን አራት ወር ሆነን" አለች።

በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ ከአንድ መሶብ ይበላሉ። በመሐል ሜዳ ብርድ አንድ ባና ለብሰው ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ። የሚነጋገሩት ግን በሰባት ዓመት ልጃቸው በኩል ነው። "አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው።" "እናትህን የሱቁ ቁልፍ የት ነው በላት።" ልጁ መሐል ቆሞ መልእክት ያመላልሳል።

መነሻው ምን መሰላችሁ? ባል ሁለት በግ ሸጦ ብሩን አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ ልኳል። አልነገራትም። እሷ ከጎረቤት ሰማች። "ብሩስ መጣም ቀረም" አለችኝ፤ "እኔ ግን እዚያ ቤት ሰው አይደለሁም ወይ?"

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር አራት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረቻትም። ለባሏም ጭምር።

ሰውነት ለምን ይናገራል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የእሷ ሕመም የውሸት አይደለም። "ጭንቀት ነው" ማለት "የለም" ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ሲያስጨንቀን አእምሯችን አደጋ እንደመጣ ይቆጥረዋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ልብ ይመታል፣ የአንገትና የራስ ቅል ጡንቻዎች ይጨመደዳሉ። አእምሮና አንጀት በነርቭ የተገናኙ ስለሆኑ የጨጓራና የአንጀት ሥራም ይዛባል፤ በሌላ ጊዜ የማይሰማን ትንሽ ነገር ያቃጥለናል። እንቅልፍም ይሳሳል። ጅብ ቢመጣብን ይህ ሁሉ ይጠቅመናል፤ ሮጠን አምልጠን ያበቃል። ኩርፊያ ግን አያልቅም። ጠዋትም ማታም እዚያው ነው፤ ሰውነትም አብሮ እንደተወጠረ ይቀራል።

ቋንቋችን ይህን ካወቀው ቆይቷል እኮ። "አንጀቴ አረረ"፣ "ጨጓራዬን ላጠው"፣ "ሆድ ባሰኝ"፣ "ደሜ ፈላ" እንላለን። ሐኪም ቤት ስንመጣ ግን "አንጀቴን ማን አሳረረው?" የሚለውን ትተን አንጀቱን ብቻ ይዘን እንመጣለን። እኛ ሐኪሞችም ወረፋው ስለሚያስቸኩለን አንጀቱን ብቻ አክመን እንሸኛለን። ጥፋቱ የሁላችንም ነው።

ጥንቃቄ፦ ይህን አንብባችሁ "የኔም ጭንቀት ነው" ብላችሁ ምርመራ እንዳትተዉ። ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ደም ካስመለሳችሁ፣ ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገራችሁ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣባችሁ ቶሎ መታየት አለባችሁ። ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ።

ስለ ኩርፊያ ትንሽ እናውራ

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እዚሁ መንዝ መጥቶ ኖሮ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1965 "ሰምና ወርቅ" በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትሟል። ርእሱን ከቅኔያችን የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። በባህላችን የልብን በቀጥታ አለመናገር ጨዋነት ነው። ለቅኔ፣ ለቀልድ፣ ለክብር ሲሆን ደስ ይላል። መኝታ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን ችግር ያመጣል። ሰሙን ብቻ እየተቀባበልን ወርቁን ሌላው ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው እንጠብቃለን። ካላገኘው፣ "ቢወደኝ ኖሮ ያውቅ ነበር" እንላለን።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ባለትዳሮች ሲነጋገሩ የልብ ምታቸውን ጭምር እየለካ አጥንቷል። ትዳርን ይጎዳሉ ብሎ ከለያቸው አራት ልማዶች አንዱ እንደ ግንብ ዝም ብሎ መዘጋት ነው። (ሌሎቹ የሰውን ባሕርይ መንቀፍ፣ ንቀት፣ እና ሁልጊዜ "እኔ ምን አጠፋሁ?" ብሎ መከላከል ናቸው።) የሚገርመው፣ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ሰው ግድ ያልሰጠው መስሎ ቢታይም ውስጡ እየነደደ፣ ልቡ በኃይል እየመታ ነው። እሱ "ልረጋጋ" ብሎ ይዘጋል፤ ሌላው ደግሞ "ንቆኝ ነው" ብሎ ይተረጉማል።

የንግግር ሕክምና ምንድን ነው?

ብዙ ሰው "ለማውራት ሐኪም ምን ያደርግልኛል? ሽማግሌ አለ፣ ንስሐ አባት አለ" ይላል። ትክክል ነው፣ አሉ። እኔም አከብራቸዋለሁ፤ ተስማምቶ የሚሄድ ነገር ነው። ሥራቸው ግን ይለያያል።

ሽምግልና "ማን አጠፋ? ማን ይካስ? ይቅር ተባባሉ" ይላል። ጥልን ያበርዳል። የንግግር ሕክምና (ሳይኮቴራፒ) ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ "ያ ነገር ሲሆን ምን አሰብሽ? ምን ተሰማሽ? ከዚያ ምን አደረግሽ? ይህ ነገር በሕይወትሽ ከዚህ በፊት መቼ መጥቶ ያውቃል?" ባለሙያው አይፈርድም። "ፍቺ" ወይም "አትፍቺ" ብሎም አይወስንም። ምስጢር ይጠብቃል። በቀጠሮ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሠላሳ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ያህል። የቤት ሥራም አለው።

በጣም ከተጠኑት ዓይነቶች አንዱ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና (ሲቢቲ) ነው። መሠረቱን የጣለው አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ ጊዜው 1960ዎቹ እ.ኤ.አ.። ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም አንድ ነገር አስተዋለ፦ ከስሜታቸው በፊት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ፣ ራሳቸውም ልብ የማይሉት ሐሳብ አለ።

በእኛ ምሳሌ እንየው። ለባለቤታችሁ ሦስት ጊዜ ደወላችሁ፣ አላነሳም።
ሐሳብ፦ "ሆን ብሎ ነው፤ ንቆኛል።"
ስሜት፦ ንዴት፣ መከፋት።
ድርጊት፦ ማታ ሲመጣ ኩርፊያ።
አሁን ሐሳቡን ብቻ ቀይሩት፦ "ስብሰባ ላይ ይሆናል፤ ወይም ስልኩ ቻርጅ ዘግቷል።" ስሜቱም ድርጊቱም ይቀየራል። ይህ ማለት "ሁልጊዜ በጎ በጎውን አስቡ" ማለት አይደለም። አንዳንዴ ሰውየው በእውነት ንቋችሁ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ሐሳባችሁ ማስረጃ ሳይሆን ግምት ነው፤ ከመፍረዳችሁ በፊት መጠየቅ ይቻላል።

"እኛ ጋ ባለሙያ የለም" ለምትሉ

እውነት ነው፣ ባለሙያ ጥቂት ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያኔ በአገሪቱ የነበሩት ስፔሻሊስቶች ደርዘን አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከዚያ ብዙ ይሻላል፤ ግን ገና ነው።

ስለዚህ የዚምባብዌን ታሪክ ልንገራችሁ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሐራሬ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ነገር ጀመረ። ባለሙያ ስለሌለ የሠፈር እናቶችን፣ አያቶችን አሠለጠነ። በጤና ጣቢያው ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ሰው ይመጣል፣ ከእማማ ጋር ይቀመጣል፣ ያወራል። እነሱ ሕመሙን የሚጠሩት "ኩፉንጊሲሳ" ብለው ነው፤ በእኛ "ሐሳብ ማብዛት" ማለት ነው። "ሐሳብ በዛብኝ" እንደምንለው ማለት ነው።

እማማዎቹ "አይዞህ" ብለው ብቻ አይሸኙም። ችግሮችህን ዘርዝር፤ አንዱን ምረጥ፤ መፍትሔ የሚሆኑትን ሁሉ አንሣ፤ በዚህ ሳምንት የምትችለውን ትንሽ እርምጃ ውሰድ፤ ተመልሰህ ንገረኝ። እስከ ስድስት ቀጠሮ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 573 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ታዩ። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበራቸው ከወንበሩ ተጠቃሚዎች 14 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 50 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ትምህርቱ፦ በሥርዓት ማውራት ያድናል። የሠለጠነ አድማጭ ደግሞ የግድ ፕሮፌሰር መሆን የለበትም።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ የሚጀመሩ አምስት ነገሮች

1. ለስሜታችሁ ስም ስጡት። "ደብሮኛል" ብቻ አይበቃም። ንዴት ነው? ፍርሃት? ሐፍረት? መናቅ? ብቸኝነት? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአእምሮ ምስል ጥናት ስሜትን በስሙ መጥራት ብቻውን አሚግዳላ የተባለውን የአእምሮ የአደጋ ደወል እንደሚያበርደው አሳይቷል። ከንዴት ሥር ብዙ ጊዜ ሌላ ስሜት አለ፤ ፈልጉት።

2. ጻፉት። ስልካችሁ ላይ አራት መስመር፦ ምን ሆነ? ምን አሰብኩ? ምን ተሰማኝ? ምን አደረግኩ? ለሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ተመሳሳይ ሐሳብ ደጋግሞ ሲመጣ ታያላችሁ። የእናንተ "ወርቅ" እሱ ነው።

3. አጀማመሩን አለዝቡ። "አንተ ድሮም ለዘመዶችህ እንጂ ለኔ ታስባለህ?" ከማለት፣ "ብሩን ሳትነግረኝ ስትልከው እንደሌለሁ የቆጠርከኝ መሰለኝ፤ ከፋኝም። ከዚህ በኋላ አስቀድመህ ንገረኝ" ማለት። የመጀመሪያው ክስ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሰው ሲከሰስ ይከላከላል፤ ሲጠየቅ ሊመልስ ይችላል።

4. ዕረፍት ውሰዱ፣ መመለሻውን ግን ተናገሩ። "አሁን ደሜ ፈልቷል፤ ልረጋጋ፣ ከእራት በኋላ እናወራለን።" ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። የዕረፍትና የኩርፊያ ልዩነት ይኸው ነው፦ ዕረፍት መመለሻ ሰዓት አለው።

5. ልጆችን መልእክተኛ አታድርጉ። ልጅ ነገሩ ባይገባውም ውጥረቱ ይገባዋል። ሆድ ቁርጠት፣ አልጋ ላይ መሽናት፣ ከትምህርት መስነፍ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ፦ ቤት ውስጥ ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም ማስገደድ ካለ ጉዳዩ "የመነጋገር ጉድለት" አይደለም። ከላይ ያሉት ምክሮች ለዚያ አይደሉም። መጀመሪያ ደኅንነት ነው። የምታምኑት ሰው ዘንድ ሂዱ፣ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። "ቻይው" የሚል ምክር አትቀበሉ።

መቼ ነው ወደ ባለሙያ መሄድ ያለብን?

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን መከፋት ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ደስ አለማለት፤ ከዚህም ጋር የእንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ "እኔ ዋጋ የለኝም" ማለት ካለ ድብርት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ለማግኘት አረቄ መጠጣት ከጀመራችሁም አትቆዩ።

የመሞት ሐሳብ ከመጣ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም የወለደች እናት ሕፃኑን ለመጉዳት ካሰበች ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዷቸው፤ ብቻቸውን አትተዉ። አንድ ሰው ያሰጋችሁ እንደሆነ "ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይከትበትም። እንዲያውም ብዙዎች ጠያቂ በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ።

የት ነው የምንሄደው?
- ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ "የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ ወይ?" በሉ። በድብርት ላይ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አገራችን ውስጥ ተፈትሿል፤ ደም መስጠት የለውም፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።
- ከበድ ካለ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካላችሁ የሪፈሩን ወረቀት ሳትይዙ አትሂዱ።
- አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ አሉ። የግል የሥነ ልቦና ማዕከላትም አሉ፤ የባለሙያውን የሥራ ፈቃድ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። "ሱስ ያስይዛል" የሚባለው ስለ እሱ አይደለም። በራሳችሁ ድንገት ግን አታቋርጡ። ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም፤ እንጦጦ ማርያም ጸበል ቦታ አባቶችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተባብረው ሠርተዋል። ጸበላችሁን ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ።

ስለ እኔም ልናገር

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ነው፤ ስፔሻሊስት አይደለሁም። ኩርፊያን ግን አውቃታለሁ። ኢንተርን ሆኜ ሳለ እናቴ ስትደውል የማላነሳበት አንድ ወር ነበር። ሳነሣም "ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ እዘጋባታለሁ። "ስለምትጨቀጭቀኝ ነው" ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን አብሮኝ የሚያድር ከፍ ያለ ሐኪም፣ "ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ልክ አይደለህም፤ ምን ሆነህ ነው?" አለኝ። ያቺ ሌሊት አንድ ታካሚ እጄ ላይ ያረፈባት ሌሊት ነበረች። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለካ በእናቴ አልተናደድኩም፤ አፍሬ ነው። "ልጄ ዶክተር" ብላ ስትጠራኝ መስማት አቅቶኝ ነው። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደወልኩላት።

ያቺ እናትስ? ባሏን ይዛ መጣች፤ እሱም በግድ ነው የመጣው። የአእምሮ ጤና ባለሙያችን ጋ ሲቀመጡ መጀመሪያ እሱም "ደህና ነን" አለ። በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ወንድሙ ዕዳ ገብቶ እንደነበር፣ "ወንድምህን መርዳት አቃተህ" እንዳይባል ብቻውን ሲጨነቅ እንደከረመ፣ ለእሷ ለመንገር ያፈረው ኪሱ ባዶ መሆኑን እንዳታውቅበት እንደሆነ ተናገረ። እሷ አየችው። "ይኸን ብትነግረኝ አንድ በግ እኔ እጨምር ነበር" አለችው።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ዛሬም ይጋጫሉ። ጨጓራዋም አንዳንዴ ይነሣባታል። ሌሊት ግን ትተኛለች። ልጁም መልእክት ማመላለሱን ትቷል።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ የአገሬ ልጆች፣ ቤት ስትደውሉ "ደህና ናችሁ?" "ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ተባብላችሁ አትዝጉ። አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "እሺ፣ ሌሊትስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?" ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የግል ጉዳይ ከሆነ ግን በአደባባይ አትጻፉት፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት። በተለይ ላኮረፋችሁት።

መልካም ጤና!